ግድግዳው የሚገዛው ውኃ

(ውኃ በጥቃቅን መተላለፊያዎች ውስጥ ስለሚያደርገው ጉዞ፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ምሳሌነት)



ከመካከላችን የአንዱ ወላጆች በሰበታ ዳርቻ የብሎኬት ቤት ሠርተው ከገቡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። በመጀመሪያው በጋ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ መሠረቱ የሚወርድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ። ክረምት ሲገባ ስንጥቁ መልሶ ጠበበ፤ በፈንታው በሩ አልዘጋ አለ። አባትየው ነገሩን የተረጐሙት በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። «ሲሚንቶዬን ሸጦብኛል!» ብለው ግንበኛውን በሽማግሌ ፊት አቆሙት። ግንበኛውም፣ «ጋሼ፣ አንድ ከረጢት እንኳ ከግቢዎ ወጥቶ ከሆነ እጄን ይቁረጠው» እያለ ማለ። በዚያ ሰንበት ለጥየቃ ሄደን የነበርን ተማሪዎችም፣ ማንም ሳይጠይቀን፣ ከአባትየው ጋር ወገንን።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሰን ታሪኩን በሳይንስ ፋኩልቲ ለሚማር ወዳጃችን ስናጫውተው፣ «ቤቱ የቆመው በምን ዓይነት አፈር ላይ ነው?» ሲል ጠየቀን። የምንመልሰው አልነበረንም። ስለ ቅኔ ሰምና ወርቅ ሌሊቱን ሙሉ የምንከራከር የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች፣ አንድን ሰው ሌባ ለማለት የደፈርነው ከእግራችን በታች ያለውን መሬት ሳናውቅ ነበር። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ እፍረት ነው። ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ያህል፣ እንደ እኛ ሒሳብ ለሚፈራ አንባቢ በሚገባ ቋንቋ ለማቅረብ ሞክረናል።

1ኛ. ሰፊው ወንዝና ጠባቡ ቀዳዳ

አዋሽ በነሐሴ ሞልቶ ሲወርድ፣ የዳሩ ድንጋይ ለስላሳ ይሁን ሻካራ መሐል ያለውን ውኃ ብዙም አይገደውም። ውኃውን የሚነዳው ክብደቱና የመሬቱ ቁልቁለት ነው። መተላለፊያው እየጠበበ ሲሄድ ግን ግድግዳውን የሚነካው የውኃ ድርሻ እየበዛ ይሄዳል። የቧንቧው ስፋት ወደ አንድ አሥረኛ ቢወርድ፣ ያንኑ መጠን ውኃ የሚነካው ግድግዳ አሥር እጥፍ ይሆናል።

ነገሩን በሰው መስለን እንመልከተው። በሰፊ ጎዳና ከሚሄድ ሕዝብ ውስጥ ከአጥር ጋር የሚታከኩት ጥቂቶች ናቸው፤ የእነርሱ መዘግየት ሌላውን አያግደውም። ያው ሕዝብ በጠባብ ቅያስ ይለፍ ቢባል ግን አጥር የማይነካ አይኖርም፤ የሁሉም ፍጥነት በአጥሩ ጠባይ ይወሰናል።

ፑዋዘይ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የደምን ጉዞ ለማወቅ ብሎ በቀጫጭን የመስተዋት ቧንቧዎች ፈሳሽ እያሳለፈ ለካ። ያገኘውም የሚያስደንቅ ነበር። የሚገፋው ኃይል ሳይለወጥ የቧንቧው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ፣ የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ ሳይሆን በ16 እጥፍ ያንሳል። ስፋቱ ወደ አንድ አሥረኛ ቢወርድ ደግሞ በ10,000 እጥፍ ያንሳል። ምክንያቱ ግድግዳውን የነካው ውኃ እንደ ቆመ መቅረቱ፣ እርሱም ቀጥሎ ያለውን መያዙ ነው።

ለመሆኑ ግድግዳውን የነካው ውኃ ፈጽሞ ይቆማልን? ናቪዬ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1823 ጥቂት ሊንሸራተት እንደሚችል ጽፎ ነበር። ለብዙ ዘመን ሊቃውንቱ «ይቆማል» በሚለው ሠሩ፤ ለቤት ቧንቧና ለመስኖ ቦይም ይህ በቂ ነው። በኋላ ዘመን መለኪያው ሲረቅ ግን፣ ውኃ በማይወደው ለስላሳ ገጽ ላይ ጥቂት መንሸራተት እንዳለ ታወቀ። የመንሸራተቱ ልክ በናኖሜትር የሚቆጠር ነው፤ ናኖሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህ ለቧንቧ ኢምንት ቢሆንም፣ ራሱ ጥቂት ናኖሜትር ለሚሰፋ መተላለፊያ ታላቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የታተሙ ጥናቶች፣ ከካርቦን በተሠሩ እጅግ ጠባብ ቱቦዎች ውስጥ ውኃ የተለመደው ስሌት ከሚለው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ሲያልፍ አሳይተዋል።

2ኛ. ውኃን የሚወድና የሚጠላ ግድግዳ

ከመጥበቡ ሌላ የሚጠየቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ግድግዳው ከምን ተሠራ፣ ምንስ ተቀባ የሚለው ነው። በጓሮ ጎመን ላይ ጠዋት ውኃ ብንረጭ ጠብታው እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ይንከባለላል፤ የጎደሬ ቅጠልማ ጭራሹን አይርስም። ያንኑ ውኃ በንጹሕ መስተዋት ላይ ብናፈስሰው ተነጥፎ ይቀራል። ቅጠሉ ሰም የመሰለ ልባስ አለው፤ መስተዋቱ ግን ውኃን ይስባል። ቶማስ ያንግ የተባለው እንግሊዛዊ ይህን ልዩነት ጠብታው ከገጹ ጋር በሚሠራው ማዕዘን መለካት እንደሚቻል ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1805 ነው።

ውኃን የሚወድ ግድግዳ ጠባብ ሲሆን ውኃውን ሽቅብ ይስበዋል። የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ የሚያወጣው በዚህ ነው። ንጹሕ የመስተዋት ቱቦ ከመሐሉ እስከ ግድግዳው 1 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በውስጡ ውኃ 15 ሚሊሜትር ያህል ይወጣል። ወደ 0.1 ሚሊሜትር ቢጠብ 15 ሳንቲሜትር ያህል፣ ወደ 0.01 ሚሊሜትር ቢጠብ ደግሞ ከሰው ወገብ በላይ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወጣል። ያው ቱቦ ውስጡ ሰም ቢቀባ ግን ውኃው መውጣቱ ቀርቶ ወደ ታች ይገፋል። የቀዳዳው ስፋት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የግድግዳው ልባስ ብቻ ነው።

ይህን ትምህርት እናቶቻችን ያንግን ሳይጠብቁ ያውቁታል። አዲስ የሸክላ ምጣድ ከገበያ እንደ መጣ አይጋገርበትም። ሸክላው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ የሊጡን ውኃ ይመጠዋል፤ እንጀራውም ይይዛል። ስለዚህ ምጣዱ ይሟሻል። በእሳት ላይ ሆኖ በተወቀጠ የጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሻል፤ ቅባቱም በየቀዳዳው ገብቶ ግድግዳውን ይለብሳል። ከዚያ በኋላ እንጀራው ያለ ችግር ይነሣል። ከቤታችን ጓዳ የሚገኝ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

3ኛ. ሰበታ፤ ጥቁሩ አፈር

አሁን ወደ ሰበታው ቤት እንመለስ። ከሰበታ ወደ ተፍኪና ወደ በቾ የሚዘረጋው ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር አፈር ነው። ገበሬው በአማርኛ መረሬ ወይም ዋልካ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ ይለዋል። በመላው ኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት የዚህ ዓይነት አፈር እንደሆነ ይገመታል፤ ከግማሽ የሚበልጠውም በደጋው ይገኛል።

የዚህ አፈር ጭቃ በጉሊት ቢታይ፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ከተደራረቡ እጅግ ስስ ገበታዎች የተሠራ ነው። የአንዱ ገበታ ውፍረት 1 ናኖሜትር ያህል ነው። ገበታዎቹ ሁሉ ቢዘረጉ፣ የአንድ ግራም ጭቃ ገጽ 700 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ማለት የእግር ኳስ ሜዳ አንድ አሥረኛ ያህል ይሆናል። እንግዲህ በእፍኝ ጭቃ ውስጥ ምን ያህል ግድግዳ እንዳለ አስቡት!

ይህም ብቻ አይደለም። የገበታዎቹ ገጽ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። እነ ካልሲየምንና ሶዲየምን የመሰሉ አዎንታዊ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች በዙሪያው ይሰበሰባሉ፤ እነርሱም ውኃን ይጠራሉ። ውኃው በገበታዎቹ መካከል ሲገባ ገበታዎቹ ይራራቃሉ፤ አፈሩም ያብጣል። ሲደርቅ ይቀራረባሉ፤ አፈሩም ይሰነጠቃል። ከውጭ የሚታየው መሬት በክረምት ተነሥቶ በበጋ ሲቀመጥ፣ በላዩ የቆመው ቤት አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይቀመጣል። ሁሉም ማዕዘን እኩል ስለማይነሣ ግድግዳው ይቀደዳል።

የኤሌክትሪኩን ነገር ለሚጠራጠር አንድ የቆየ ሙከራ እንጥቀስ። ሮይስ የተባለ የሞስኮ መምህር እ.ኤ.አ. በ1809 በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳለፈ፤ ውኃውም ያለ ምንም መግፊያ በጭቃው ውስጥ ወደ አንድ ወገን ተጓዘ። ግድግዳው ሙል ባይኖረው ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ገበሬውም ከዚሁ ግድግዳ ጋር ይታገላል። በሰኔ መጀመሪያ ዝናቡ በስንጥቁ ውስጥ ፈጥኖ ይሰርጋል። አፈሩ ካበጠ በኋላ ግን ስንጥቁ ይዘጋል፤ የቀረው መተላለፊያ እጅግ ጠባብ ስለሆነም ውኃው ከላይ ተኝቶ ሥሩን ያፍነዋል። ለዚህ ነው በበቾ ጤፉ ዘግይቶ የሚዘራው፤ ሽምብራና ጓያም ክረምቱ ሲያበቃ አፈሩ ይዞ ባቈየው እርጥበት የሚበቅሉት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የከብት ሀብት ምርምር ማዕከል ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ሁለት ማረሻዎችን አጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ያስተዋወቀው ትርፉን ውኃ ከላይ ለማውረድ ነበር። ውኃው በጭቃው ቀዳዳ አላልፍ ካለ፣ ሰፋ ያለ መንገድ ይሠራለታል ማለት ነው።

ለቤት ሠሪ ደግሞ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መሙላት ነው። ሁለተኛው፣ መንገድ ሠሪዎች እንደሚያደርጉት፣ ከአፈሩ ጋር ኖራ መቀላቀል ነው። የኖራው ካልሲየም በገበታዎቹ ገጽ ላይ የተሰበሰቡትን ቅንጣቶች ይተካል፤ አፈሩም እንደ ቀድሞው አያብጥም። ሁለተኛው መድኃኒት ከምጣዱ ማሟሻ በምን ይለያል? ሁለቱም ግድግዳውን መለወጥ ናቸው።

4ኛ. ቡራዩ፤ የገፈርሳ ውኃ

በአምቦ መንገድ ቡራዩን ስናልፍ የምናገኘው የገፈርሳ ግድብ ከአዲስ አበባ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ቀደምቱ አንዱ ነው፤ የሚሞላውም ከትንሹ አቃቂ ነው። በክረምት የሚገባው ውኃ ደፍርሶ ቡና በወተት ይመስላል። ይህ ውኃ ሲጣራ በአሸዋ ውስጥ ያልፋል። ብዙዎቻችን አሸዋው እንደ ወንፊት የሚሠራ ይመስለናል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው።

አንድ የጭቃ ቅንጣት ከ2 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው፤ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ማጣሪያ አሸዋ ፍሬው ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ በፍሬዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከጭቃው ቅንጣት በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። በወንፊትነቱ ቢሆን ኖሮ ጭቃው እንደ ልቡ ባለፈ ነበር። ደግሞም አሸዋውም ጭቃውም አሉታዊ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ።

እዚህ ላይ ነው ሸብ የሚገባው። ከሸቡ የሚወጣው አሉሚኒየም አዎንታዊ ሙል አለው፤ የጭቃውን ሙል ያበርደዋል። ቅንጣቶቹም እርስ በርሳቸው ተያይዘው አብዛኞቹ ይዘቅጣሉ፤ የቀሩትም በአሸዋው ፍሬ ገጽ ላይ ይጣበቃሉ። የሸቡ መጠን ከተሳሳተ በዚያው አሸዋ ውስጥ ድፍርሱ ያልፋል። አሸዋው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የገጾቹ መፋቀር ነው። በኮንሶ ቅጠሉ የሚበላው ሽፈራውም ዘሩ ተወቅጦ ውኃ የሚያጠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በዘሩ ውስጥ አዎንታዊ ሙል ያለው ፕሮቲን ይገኛል።

5ኛ. ሱሉልታ፤ የባሕር ዛፉ ሥር

በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግረን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ሌላ ዓይነት ግድግዳ ይጠብቀናል። በእንጦጦ ደቡብ ጎን የወረደ ዝናብ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በሱሉልታ ሜዳ የወረደው በሙገር በኩል ወደ አባይ ይገባል። በመካከላቸው ያለውን ተራራ የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ የማገዶ እጥረትን ለማስታገስ የመጣ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል።

የዛፉ ቅጠልና ቅርፊት በዘይትና በሰም የተሞላ ነው። ረግፎ ሲበሰብስ ሰሙ የአፈሩን ፍሬዎች ይለብሳል፤ ይህም አፈሩ በደረቀ ጊዜ ይበረታል። በበጋ መጨረሻ በባሕር ዛፍ ሥር ያለ ደረቅ አፈር ላይ ውኃ ቢንጠባጠብ፣ ጠብታው እንደ ጎመን ቅጠሉ ተድቦልቡሎ ሊቀመጥ ይችላል። የአፈር ተመራማሪዎች ጠብታው ከ5 ሴኮንድ በላይ ከቈየ አፈሩ ውኃ ይጠላል ይላሉ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቈይበትም አለ። በሀገራችንም በጣና አካባቢ ይህ ጠባይ በባሕር ዛፍ አቅራቢያ በተወሰደ አፈር ላይ ታይቷል። እንግዲህ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ፣ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ሳለ ውኃው አይገባም፤ በተዳፋቱ ይሮጣል፤ አፈሩንም ይዞ ይወርዳል። ዝናቡ ቀናት ከቈየ በኋላ ጥላቻው እየለዘበ ይሄዳል።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በዛፉ ላይ መጫን አይገባም። መሬቱን የሚጋርደው የረገፈ ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ ጠብታው ባዶ አፈር ይመታል። ቅጠሉን ጠርገው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሸክም ይዘው የሚወርዱት ድኾች ሴቶች ናቸው። «አትጥረጉ» ማለት ቀላል ነው፤ ምን ያንድዱ፣ ምንስ ሸጠው ይብሉ ለሚለው መልስ የሌለው ምክር ግን እንደ እኛው የሽማግሌ ፊት ፍርድ ነው።

በሸዋ ደጋ ደግሞ ገበሬው ራሱ የአፈሩን ግድግዳ በእሳት ሲለውጥ ኖሯል። ያረፈውን መሬት ገልብጦ፣ ጓሉን ከምሮ ከውስጥ በቀስታ ያቃጥለዋል፤ ጋይ ይሉታል። ሙቀቱ ጭቃውን እንደ ሸክላ ያጠነክረዋል፤ ማበጡን ትቶ እንደ አሸዋ ይፈረካከሳል፤ ውኃም ያሳልፋል። ገብሱ ለጥቂት ዓመት ያምራል። ሆኖም እሳቱ የአፈሩን ብስባሽና ናይትሮጂን ስለሚበላ፣ መሬቱ ቀጥሎ ለረጅም ዘመን ማረፍ ይሻል። ግድግዳን መለወጥ ዋጋ ያስከፍላል።

6ኛ. በአንዲት ጠብታ ደም

ይህ ሁሉ የአፈርና የሸክላ ወሬ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። በቆላ ጤና ኬላዎች ወባ በፈጣን መመርመሪያ ስትመረመር፣ አንድ ጠብታ ደምና ጥቂት ፈሳሽ በትንሽ ካርድ ላይ ይደረጋል። ካርዱ ኤሌክትሪክም መግፊያም የለውም። ደሙ በውስጡ ባለው ስስ ሰቅ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ራሱ ተስቦ ይሄዳል፤ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥም መስመር ያወጣል። ስበቱ የሚሠራው የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ፈሳሹን ስለሚወድ ነው። ሰቁ በሙቀትና በእርጥበት ከተበላሸ ግን ውጤቱ አይታመንም፤ ካርዱ እስከሚከፈት ድረስ በታሸገ ከረጢት የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። የአንዲት እናት ልጅ መድኃኒት ማግኘት አለማግኘቱ፣ ዓይን በማያየው ግድግዳ ጠባይ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ማጠቃለያ

ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ እርሻ በነበረው መሬት ላይም ቤት እየተሠራ ነው። ስለዚህ የአፈሩ ጠባይ የገበሬው ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በእኛ አስተያየት ከዚህ ትምህርት የሚገኘው ፍሬ ነገር አንድ ነው። በሰፊው ቦታ ውኃ በራሱ ክብደት ይሄዳል፤ በጠባቡ ግን ግድግዳው ይገዛዋል። ግድግዳውን የለወጠ የውኃውን ጉዞ ይለውጣል። ባለምጣዷም፣ ጋይ አቃጣዩም፣ ሸብ ጨማሪውም ይህን በየራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። ሳይንሱ የሠራው ሦስቱን በአንድ ሐሳብ ማያያዝ ነው። መረሬ፣ ኮቲቻ፣ ገረጋንቲ፣ ማሟሸት የሚሉት ቃላት ሁሉ የትምህርት ቃላት ለመሆን የሚጎድላቸው ነገር የለም፤ የቋንቋ ተማሪዎች ሥራም ከዚህ ይጀምራል።

ለመልመጃ ያህል ሦስት ነገሮችን ሞክሩ። ከዶርም መስኮት በታች ያለውን ደረቅ አፈርና ከባሕር ዛፍ ሥር የተወሰደውን ወስዳችሁ በየአንዳንዱ ላይ ጠብታ ውኃ ጣሉ፤ ሴኮንዱንም ቍጠሩ። እፍኝ መረሬ ቈልላችሁ በብርጭቆ ውስጥ አርሱትና ምን ያህል እንዳበጠ በማስመሪያ ለኩ። ቤታችሁ ስትሄዱ ደግሞ እናቶቻችሁን ምጣድ ለምን እንደሚሟሽ ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉት።

የሰበታው ነገር እንዲህ ተፈጸመ። ወዳጃችን አብሮን ሄዶ ከመሠረቱ አጠገብ አንድ ክንድ ያህል ቈፈረ፤ የወጣው ጥቁር መረሬ ነበር። አባትየው ጭቃውን በጣታቸው እያሹ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም፣ «‹ጥቁሩ አፈር ይውጣ፣ ገረጋንቲ ይግባ› ብሎኝ ነበር። ወጪው በዝቶብኝ እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ» አሉ። በማግሥቱ ሽማግሌዎቹን ራሳቸው ጠርተው ግንበኛውን ይቅርታ ጠየቁት። እኛም ጠየቅነው። ቤቱ እስከ ዛሬ እንደ ተሰነጠቀ ነው፤ ሰውየው ግን ስሙ ተመልሶለታል።